የማኅበሩ መዝገብ የገባባት ኮምፒውተር

ለዓመታት ተዘግቶ የከረመ ኮምፒውተር መብራት አግኝቶ ሲሞቅ የሚወጣ አንድ ሽታ አለ። ትንሽ የተቃጠለ ፕላስቲክ፣ ትንሽ ዝገት፣ የአይጥ ነገርም አይጠፋበትም። ባለፈው ጥቅምት በማስተምርበት ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር አንድ አሮጌ አውጥተን ስናበራ ይኸው ሽታ መጣና፣ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሲሉ እኔ ጠጋ ብዬ ሳብኩት። «ቲቸር፣ ይተዉት፣ ይፈነዳል» አለችኝ አንዷ። አይፈነዳም አልኳት። እንዲህ የሚሸት ኮምፒውተር አጠገብ ስንት ቀን ቁጭ ብዬ እንደዋልኩ ለልጆቹ አልነገርኳቸውም፤ ከዚያ ጋር የተያያዘውን ሌላውን ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ያደግኩባት የደባርቅ ክረምት ቀልድ አያውቅም። ከሊማሊሞ ገደል የሚነሳው ጉም ጠዋት ጠዋት ወደ ከተማው እየወጣ እስከ ረፋድ ድረስ ከየደጃፉ አይነሳም ነበር፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ ሳይደርቅ ይገባ ነበር። አባዬ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፣ መጽሐፎቹ በእርጥበት እየሻገቱ ስላስቸገሩት የብረት ቁም ሳጥን ሲመኝ ኖሮ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ንብረቶቹን በጨረታ እንደሚያስወግድ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሄዶ ተወዳደረና አሸነፈ። ያሸነፈው ግን ቁም ሳጥኑን ብቻ አልነበረም፤ ንብረቱ የሚሸጠው በጥቅል ስለነበር፣ ቁም ሳጥኑ በጋሪ ተጭኖ ሲመጣ ከኋላው አምስት ኮምፒውተሮች ከነገመዳቸው በሌላ ጋሪ ዝናብ እየመታቸው ተከትለው መጡ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸውና፣ «ቁም ሳጥን ብለህ ወጥተህ ቁራሌው የጣለውን ሁሉ ለቃቅመህ ገባህ?» አለችው። አባዬ ቁም ሳጥኑ በበሩ ማለፍ አለማለፉን እየለካ ነበር።

ኮምፒውተሮቹ የወንድሜ የይበልጣል ሆኑ፣ ማንም ሰጥቶት ሳይሆን ሌላ የሚፈልጋቸው ስላልነበረ። ይበልጣል ያኔ ዘጠነኛ ክፍልን የጨረሰ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሰው ጋር ሲያወራ ጣቶቹን የሚያፍተለትል ልጅ ነበር፤ እኔ በአራት ዓመት አንሰዋለሁ። ኳስ አይጫወትም፣ መንገድ ዳር ቆሞ ወሬ አይሰልቅም፣ እናቴም «ይኼ ልጅ ኋላ ምን ሊሆን ነው?» እያለች ትሰጋ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ከገቡ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ከሳሎኑ ጥግ ተንበርክኮ በካቻቢቴ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ መልሶ ይፈታል። የአንዷን ኮምፒውተር ሚሞሪ የመዳብ ጥርስ በእኔ ላጲስ ፈግፍጎ ሲመልሰው ሞቶ የነበረው ስክሪን የበራበትን ቀን አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም ላጲሴ አልቆ ስላለቀስኩ። ጠዋት በብርዱ አልነሳም ስትለው ሽፋኗን ገልጦ በረንዳው ላይ ፀሐይ ያሞቃት ነበር፣ ጎረቤቶቹም በርበሬ እንደሚያሰጣ ሰው እያዩት ይስቁበት ነበር። እንዲህ ሲል ሲል ከአንዱ ዲስኩን፣ ከሌላው ማራገቢያውን እየወሰደ፣ መስከረም ሲጠባ ከአምስቱ አንዲት የምትሠራ አወጣ።

በራች እንጂ የምትሠራው ሥራ አልነበራትም፤ ውስጧ የነበረው ፕሮግራም ተበላሽቶ ጅማሬው ላይ ቀጥ ትል ነበር። በዚያው ሰሞን ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ሳንቃበር ለመውጣት በቅሎ የሚጠብቅ አንድ ፈረንጅ ሆቴል በር ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ሲነካካ ይበልጣል አየው፤ ከጎረቤት ጋር ማውራት የሚያፍረው ወንድሜ እንዴት እንደደፈረ አላውቅም፣ ብቻ የደብተሩ ጀርባ ላይ አንድ ቃልና አንድ አድራሻ አስጽፎ እያለከለከ ቤት ገባ። ቃሉ ሊኑክስ ነበር፣ ኮምፒውተርን የሚያስነሳ ፕሮግራም ስም። «በነፃ ነው» አለኝ፣ «የሚሠሩት ሰዎች በያገሩ ሆነው በትርፍ ጊዜያቸው ነው የሚሠሩት፣ ለጠየቃቸው ሁሉ በፖስታ ይልካሉ።» እናቴ ይህን ስትሰማ «በነፃ የሚሰጥ ፈረንጅ ቢኖር እስካሁን ደባርቅን ያውቃት ነበር» አለች። አባዬ ግን ለሥራ ጎንደር ሲሄድ ይዞት ሄደ፣ ይበልጣል እዚያ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የትምህርት ቤቱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር ጽፎ ጠየቀና ተመለሰ፣ ከዚያም ወንድሜ ሁለት ወር ያህል በየሳምንቱ ፖስታ ቤት እየሄደ አንገቱን ደፍቶ ይመለስ ነበር።

በታኅሣሥ፣ እኔ እንኳ ረስቼው ሳለ፣ ፖስታው መጣ። ይበልጣል በጥንቃቄ ቀድዶ የሊኑክሱን ሲዲ አወጣ፣ ፖስታውንም አልጣለውም፣ ከፍራሹ ሥር አስቀመጠው። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ነጭ ፊደሎች ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ ምን እንደሚሉ አልገባኝም፣ ፊቱን ሳየው ግን አንድ ትልቅ ነገር እየሆነ እንደነበር ገባኝ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ሌላ ሰው ሆነ። ትእዛዞቹን በአሮጌ ካላንደር ጀርባ እየጻፈ ግድግዳው ላይ ለጥፎ እንደ ዳዊት ይደግማቸው ነበር፣ ምግብ ቀርቦለትም ስለ ሊኑክስ ነበር የሚያወራው፣ በተለይ አማርኛ መጻፍ እንደሚችል የደረሰበት ዕለት የቤተሰቡን ሁሉ ስም ጽፎ አንድ በአንድ እየጠራ አሳየን። እናቴ የራሷን ስም ስክሪኑ ላይ ስታይ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ጥር ደረቅ፣ ብሩህና ነፋሻ ነበር። ለጥምቀት ጎንደር ወርዶ ሲመለስ ይበልጣል አንድ ሲዲ ይዞ መጣ፤ ሽፋኑ ላይ ካራቴ የሚመታ ሰው ነበር፣ ውስጡ ግን ሌላ ሆነ። የጃፓኖች የሥዕል ፊልም ነበር፤ ዝናቡ የማያባራበት ትልቅ ከተማ፣ በሰማይ ጠቀስ ፎቆች ላይ የሚበሩ ጽሑፎች፣ አንገታቸው ላይ ሽቦ ሰክተው ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኙ ሰዎች፣ በመካከላቸውም ከአንድ ነገር የምትሸሽ ቀይ ፀጉር ያላት ልጅ። ድምፅ አልነበረውም፤ ፊልሙ ሳይሆን የእኛ ኮምፒውተር ድምፅ ማውጣት አትችልም ነበር። እኛም ደጋግመን እናየውና ይበልጣል የሚመስለውን ታሪክ እየፈጠረ ይተረጉምልን ነበር፤ ዛሬ የፖሊስ አዛዥ ያለውን ሰውዬ ነገ የልጅቷ አጎት ያደርገዋል።

ከተመልካቾቹ አንዷ እማማ ጥሩወርቅ ነበሩ። ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ፣ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ከደረስጌ ወገን በልጅነታቸው ተድረው የወጡ፣ ባላቸው ወታደር ሆኖ የቀረባቸው፣ ልጅም ዘመድም ያልነበራቸው። ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሲበረታባቸው ገብተው ከእኛ ጋር ይቀመጡና ፊልሙን አዲስ እንደመጣ ወሬ ይከታተሉት ነበር። «እች ልጅ እናት የላትም? ይኼ ሁሉ ዝናብ ሲወርድባት ግቢ የሚላት የለም?» ይላሉ። ይበልጣል ሽቦው የሰው ሐሳብ ውስጥ መግቢያ መሆኑን ሲነግራቸው ትንሽ አሰቡና፣ «ታዲያ ሲገቡ ቤቶች አይሉም?» አሉት። ሲነሱ ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው በሁለታችንም መዳፍ ይከፍሉልን ነበር፣ ሁልጊዜም የእኔ ይበዛ ነበር።

አባዬ የማርያም ማኅበር ጸሐፊ ነበር። እማማ ጥሩወርቅም እናቴም የዚያው ማኅበር ሴቶች ናቸው፤ ወር በገባ በሃያ አንድ በየተራ በየቤቱ ጽዋው ይዞራል፣ ዓመት ሲደርስ፣ በኅዳር ጽዮን፣ ቄሱ ከማኅበሩ የሞቱትን ሁሉ በክርስትና ስማቸው እየጠሩ ይጸልዩላቸዋል። ስሞቹ የሚገኙት አባዬ ከቀድሞው ጸሐፊ በተረከበው ደብተር ላይ ነበር፤ በአንዱ በኩል ሰው የሚያውቀው ስም፣ በሌላው በኩል ቄስ የሚጠራው። ደብተሩ ግን በብረቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኖም ሻገተ፣ ቀለሙ ፈሰሰ፣ እንዲያውም ብረቱ ራሱ ከውስጥ ያልበው ነበር። አባዬ በዓቢይ ጾም አንድ ቀን መነጽሩን እየጠረገ ይበልጣልን፣ «እስቲ ይኼ ነገርህ መዝገብ ይይዝልኛል?» አለው። ወንድሜ ከዚያ በፊት አባዬ አንድ ነገር ጠይቆት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጾሙ እስኪፈታ ድረስ እኔ ሳነብ እሱ ሲጽፍ ከረምን፤ ፊደሉ የደበዘዘውን አባዬ በማጉያ መነጽር እያየ ይነግረን ነበር። ሲያልቅ የማኅበሩ ሰብሳቢና መምሬ እንዳላማው የሚባሉት ቄስ መጥተው ከደብተሩ ጋር ሁለት ጊዜ አመሳከሩት፣ አንድም አልጎደለም፣ መምሬም ይበልጣልን መስቀል አሳልመው መረቁት። ለማሳተም በፍሎፒ ዲስክ ይዘነው ዳባት ድረስ ሄደን ነበር፤ እዚያ ያለው ጽሕፈት ቤት ሲከፍተው ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ታየ፣ አባዬም «ለኅዳር ጎንደር እናሳትመዋለን» ብሎ ተወው። ደብተሩን በተመለከተ ማንም አልተከራከረም። የክርስትና ስም የተጻፈበት ወረቀት አይጣልም፣ ሻግቶ ትል እስኪበላውም አይተውም፤ ስለዚህ በሰኔ ሃያ አንድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስደው በክብር አቃጠሉት፣ አመዱንም እግር በማይደርስበት ከግንቡ ሥር ቀበሩት። ይበልጣል ቢያንስ በዚያችው ፍሎፒ ላይ እንደገና ልገልብጠው ብሎ በዚያው ሳምንት ገለበጠው፣ ለአባዬም ሰጠው፣ አባዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

እማማ ጥሩወርቅ በነሐሴ ሞቱ። ሳል ነው ሲሉ ሰነበቱና አንድ ሳምንት ሳይሞላ ነው የሄዱት። እናቴ ስታስታምማቸው የተናገሩትን ደጋግማ ትነግረን ነበር፤ «እኔ ልጅ አልወለድኩ፣ ዘመድ የለኝ፣ ስሜን የሚጠራው ማኅበሬ ነው፣ አደራ» ብለው ነበር። የነፍስ አባታቸው መምሬ እንዳላማው ነበሩ። ቀብር በዋለ ማግሥት መጥተው የክርስትና ስማቸውን ለአባዬ ነገሩት፤ ይበልጣል ቤት ስላልነበረ አባዬ ራሱ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠ፣ በሁለት ጣት እየፈለገ፣ እኔ «እሷን አይደለም፣ ከጎኗ ያለችውን» እያልኩ፣ ረጅም ጊዜ ወስዶ ጻፈው። በደብተር ቢሆን ከአንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ሲጨርስ በኩራት ወደ ኋላ ተደግፎ «ይኸው» አለኝ። መምሬ እንዳላማው እሳቸው ራሳቸው በመስከረም መጨረሻ አረፉ፣ ስማቸውን ይበልጣል ጻፈው።

በጥቅምት ሁለተኛ ፖስታ መጣ። የሊኑክሱ አዲስ ሲዲ ነበር፣ ይበልጣልም ወረቀቱ ላይ አንብቦ አሮጌ ኮምፒውተሮችን ድምፅ ያስወጣል እንደሚል ነገረኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እረፍት የነሳሁት እኔ ነኝ። የዚያችን ልጅ ድምፅ መስማት ነበር የምፈልገው፤ ጃፓንኛ እንደማልሰማ አጥቼው አይደለም፣ ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ ሳያት ኖሬ ነበር። ይበልጣል ቅዳሜ ቀስ ብዬ አደርገዋለሁ አለ፣ እኔ ዛሬ አልኩ፣ አኮረፍኩ፣ ተለማመጥኩት፣ በመጨረሻ ከትምህርት ቤት እንደተመለስን ተቀመጠ። ሲዲው አንዳንድ ነገር እየጠየቀው ያልፋል፤ ሌላ ጊዜ እያንዳንዱን መስመር መዝገበ ቃላት ከፍቶ የሚያነብ ልጅ፣ እኔ ከኋላው ቆሜ «ቶሎ በል፣ መብራት ሊሄድ ነው» ስለው አንዱን ሳያነብ ተጫነው። አሮጌው ይቆይ ወይስ ዲስኩ ሁሉ ይጠረግ የሚለው ጥያቄ እሱ ነበር።

ፊልሙ ድምፅ አወጣ። መጀመሪያ የመጣው የዝናቡ ድምፅ ነበር፣ ከዚያ የልጅቷ፣ ካሰብኩት የጎረነነ፣ እኔም እየዘለልኩ አጨበጨብኩ። ይበልጣልም እየሳቀ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ፋይሎቹን ሊደረድር ሲገባ እጁ ቆመ፤ አንዱን ከፈተ፣ ሌላውን ከፈተ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። «መዝገቡ የለም» አለኝ። ፊልሙ እያወራ ነበር፣ ማናችንም ማጥፋቱን አላሰብንም።

ለአባዬ የነገረው ራሱ ነው፣ ማን እንዳጣደፈው አልተናገረም፣ እኔም አልተናገርኩም። አባዬ አልጮኸም፤ መሳቢያውን ከፍቶ ፍሎፒውን ሰጠው። እርጥበቱ ፍሎፒውንም ጎድቶት ነበርና ሁለቴ እምቢ አለ፣ ሦስተኛው ላይ ተከፈተ፣ ስሞቹ ወጡ፣ አባዬ ከዳር እስከ ዳር አይቶ «ተመስገን፣ ሁሉም አለ» ሲል የሁላችንም ትንፋሽ ተመለሰ። እናቴ ናት ቀና ብላ «ጥሩዬስ?» ያለችው። ፍሎፒው የሰኔ ነበር፣ እሳቸው የሞቱት በነሐሴ። የመምሬ እንዳላማውን ስም አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። የእማማ ጥሩወርቅን ግን በፍትሐቱ ላይ ሰምቶ ያስታወሰ አልነበረም፣ ያወቁት የነፍስ አባታቸው መምሬ እንዳላማውና አባዬ ብቻ ነበሩ፣ ጽሑፉም ያችው ዲስክ ላይ የነበረችው አንዲት መስመር ብቻ። አባዬ ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ፣ ቢያወጣ ቢያወርድ አልመጣለትም። «ፊደሏን ስፈልግ ስሙን ረሳሁት» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ያየሁት ጣቱን እንጂ ስሙን አልነበረም።

ይበልጣል የጠፋ ፋይል ወዲያው ከዲስኩ ላይ እንደማይለቅ፣ ካልተጻፈበት ፍርስራሹ እንደሚገኝ ያውቅ ነበር። አራት ቀን ትምህርት ቤት ሳይሄድ ዲስኩን ከዳር ጀምሮ ፈተሸው፤ መብራት ሲሄድ ይጠብቃል፣ ሲመጣ ይቀጥላል፣ ስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት እንደ ጎርፍ ያልፋል፣ አልፎ አልፎ አንድ የአማርኛ ቃል ብቅ ትላለች። በአራተኛው ቀን ጠራኝ። «ጥሩወርቅ» ይላል፣ ከሱ ቀጥሎ «ወለተ» ይላል፣ ከሱ ቀጥሎ አዲሱ ነገር ተጽፎበት ነበር። ወለተ መሆኑንማ የማይገምት የለም፣ የማኅበሩ ሴቶች ግማሾቹ ወለተ ነበሩ። ወለተ ማን? እጁን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ቆየ፣ አንጀቴን በላኝ።

በማግሥቱ ወደ ደረስጌ ሄደ። በጭነት መኪና ጃናሞራ ድረስ፣ ከዚያ በእግሩ፤ ያገኘውን ቄስና ሽማግሌ ሁሉ ጥሩወርቅ የምትባል፣ በልጅነቷ ተድራ የወጣች፣ ክርስትናዋ እዚህ የተነሳ ሴት ታውቃላችሁ ወይ እያለ ጠየቀ። ቤት የእግዜር ነው ብለው አበሉት፣ አሳደሩት፣ አንድ አዛውንትም እንዲህ ያለች ልጅ የነበረች ይመስላቸው ነበር፤ ክርስትና ያነሷት ቄስ ግን ከሞቱ አዛውንቱ ራሳቸው እስኪሸብቱ ድረስ ዘመን አልፏል። በሳምንቱ ሲመለስ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ፣ ጫማው ተቀዶ ነበር። ስሙን አላገኘም። ኮምፒውተሯን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ገፋት፣ በካላንደሩ ጀርባ የጻፋቸውን ትእዛዞች ከግድግዳው ላይ ቀደደ፣ ከዚያም ለእናቴ ትምህርት በቃኝ፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሑመራ ሰሊጥ አጨዳ እሄዳለሁ አላት። ሑመራ የሄደ ሁሉ አይመለስም ነበር፤ በወባ የቀረ አለ፣ በዚያው ወደ ሱዳን አልፎ የጠፋም አለ። እናቴ ለመነች፣ አለቀሰች። አባዬ አንድ ጊዜ «ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል» አለው። ይበልጣል «አደራ ነበር» አለ።

በኅዳር አሥራ ዘጠኝ ጠዋት ሻንጣው በሩ ሥር ነበር። ገብሱ ታጭዶ ነፋሱ ባዶ ማሳ ላይ የሚያፏጭበት ጊዜ ነው፣ ከተማው ስለ ኅዳር ጽዮን ነበር የሚያወራው፣ ለዚህ ይመስለኛል ስሙ ምላሴ ላይ የመጣው። ቁርስ ላይ ተቀምጠናል። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «አባዬ፣ ትዝ አለኝ» አልኩ። «ምኑ?» አለ። «የእማማ ጥሩወርቅ ስም። ወለተ ጽዮን ነው። አንተ ስትጽፍ ጽ የቷ ጋ ናት ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር።» እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም። አባዬ መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ አየኝ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ፣ እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ከዚያ ያላሰብኩት ሆነ፤ አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን አንቀሳቀሰና፣ «ወለተ ጽዮን … አዎ … አዎ፣ ጽዮን ናት፣ መምሬ እንዲህ ነበር ያሉኝ» አለ። እናቴ እልል ልትል ዳድቷት ባፏ ላይ እጇን ጫነች።

ይበልጣል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሲያለቅስ አየሁት፤ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም። ደስ አለኝ፣ ወዲያውም ፈራሁ። ሻንጣውን ፈታ፣ ቁርሱን ጠርጎ በላ፣ ኮምፒውተሯን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ስሙን ራሱ ጻፈው፣ በአንድ ፋንታ ሦስት ፍሎፒ ላይ ገለበጠው፣ በደብተርም በእጁ ጻፈው። በሃያ አንድ ማኅበሩ ተሰብስቦ አዲሱ ቄስ ዝርዝሩን ሲያነቡ፣ መጨረሻ አካባቢ «ወለተ ጽዮን» ሲሉ፣ ሴቶቹ «ነፍስ ይማር» አሉ። እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆነ። ይበልጣል አሁን አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ድርጅት ኮምፒውተሮቹን ሁሉ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ እንዲያውም የሚመካው ከሱ እጅ ምንም ጠፍቶ እንደማያውቅ ነው። የአባዬ ዓይን ደከመ፣ ጸሐፊነቱ ለእኔ ተላለፈ፣ እኔም ደባርቅ ቀርቼ በየዓመቱ ዝርዝሩን አትሜ ለቄሱ እሰጣለሁ። ኅዳር ሲቃረብ ወንድሜ ይደውልልኛል፤ የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ቅጂው የት የት እንዳለ። ስልኬ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ፣ እሱ ራሱ ከአገር ውጭ ባስቀመጠው ቦታ ላይ እንዳለ እነግረዋለሁ። «በቃ፣ ከእንግዲህ ማንም አያጠፋውም» ይለኛል፣ ድምፁ ውስጥ እረፍት ይሰማኛል። ልነግረው አፌን የከፈትኩባቸው ዓመታት ነበሩ፤ በሩ ሥር የነበረው ሻንጣ ትዝ ይለኝና ስለ እናታችን ጤና እንጠያየቃለን።

ያኔ አንድ እውነተኛ ስም እንዲጠፋ የኔ አንድ «ቶሎ በል» በቃው። የእኔ ፈጠራ አሁን በሦስት ቦታ ተቀምጧል፣ እርጥበት አይደርስበትም፣ ትል አይበላውም፣ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተካዋል። በየኅዳሩ ቄሱ ወለተ ጽዮን ብለው ይጣራሉ፣ ሴቶቹ ነፍስ ይማር ይላሉ፣ አባዬም ነጠላውን አጣፍቶ ራሱን ይነቀንቃል። እማማ ጥሩወርቅን ግን ከቀብራቸው ቀን ወዲህ በስማቸው የጠራቸው የለም።